ስለ አየርላንድ ድንበር ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ እርማት አለኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን አዘጋጆች፣

ባለፈው እትማችሁ ስለ ብሬግዚት (ብሪታኒያ ከአውሮፓ ኅብረት ስለመውጣቷ) ያወጣችሁትን ሐተታ እዚሁ ሰሜን አየርላንድ፣ ቤልፋስት ሆኜ አነበብኩት። እዚህ ከተማ ስኖር አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። "የእንግሊዝና የአየርላንድ ድንበር" የሚለውን ርዕስ ሳይ ገና ሳልጀምረው ሳቄ መጣ። እንግሊዝና አየርላንድ በየብስ አይዋሰኑም፣ መሀላቸው ባሕር አለ። ድንበሩ ያለው የብሪታኒያ ክፍል በሆነችው በሰሜን አየርላንድና በአየርላንድ ሪፐብሊክ መሀል ነው። አልፈርድባችሁም። እኛ ሐበሾች ሁሉንም ጠቅልለን "እንግሊዝ" ነው የምንለው። እኔም እንደመጣሁ እንደዚያ ስል ነበር፤ የምሠራበት ወጥ ቤት ውስጥ አንድ አዛውንት ባልደረባዬ ቢላውን አስቀምጦ "ይሄ እንግሊዝ አይደለም" ብሎ ግማሽ ሰዓት ታሪክ እስኪያስተምረኝ ድረስ። ሽንኩርቱ ሳይከተፍ ቀረ።

ለርዕሱ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ጸሐፊው ግን ሁለት ነገር ብለዋል። የድንበሩ ጉዳይ በካሜራና በኮምፒውተር የሚፈታ ቀላል ነገር ነበር ይላሉ። ደግሞ ብራስልስ (የአውሮፓ ኅብረት ማለታቸው ነው) ብሪታኒያን ለመቅጣት አየርላንድን መሣሪያ አደረገች ይላሉ። ሁለቱም ለንደን ውስጥ ለዓመታት ሲባል የከረመ ነገር ነው። ድንበሩ አጠገብ ለሚኖር ሰው ግን ሁለቱም ውሃ አያነሱም። (ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ለማስላት አትድከሙ።)

መጀመሪያ ድንበሩን ላሳያችሁ። ከቤልፋስት ደብሊን በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ከምናምን ነው። ኒውሪ የምትባለውን ከተማ ካለፋችሁ በኋላ ዓይናችሁን አስፋልቱ ጠርዝ ላይ አድርጉ። ነጭ የነበረው መስመር ቢጫ ይሆናል። የፍጥነት ምልክቱ ከማይል ወደ ኪሎ ሜትር ይቀየራል። ስልካችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ይነዝራል፤ ኔትወርክ ቀይሯል ማለት ነው። አለቀ። ድንበሩ ይሄው ነው። ኬላ የለ፣ ገመድ የለ፣ አጥር የለ። እንቅልፍ ከወሰዳችሁ ሌላ አገር ላይ ነው የምትነቁት።

ርዝመቱ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ200 በላይ መንገዶች ያቋርጡታል። ካቫንና ክሎንስ በሚባሉ ከተሞች መሀል ያለው መንገድ በ10 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ድንበሩን አራት ጊዜ ይሻገረዋል። ፔቲጎ የምትባለውን መንደር ወንዝ መሀሏን ሰንጥቋት ግማሿ አንዱ አገር፣ ግማሿ ሌላው አገር ናት። ሰሜን ከሚታለበው ወተት ሲሶው ገደማ የሚቀነባበረው ደቡብ ሄዶ ነው። ዶኔጎል ያለ የካንሰር ሕመምተኛ ለጨረር ሕክምና ድንበር ተሻግሮ ዴሪ ይመጣል። ሰዉ በዚህ መስመር ላይ ነው ትዳሩንም ሥራውንም ቀብሩንም የሚያደርገው።

ያ ባልደረባዬ ያደገው ድንበር አጠገብ ነው። በልጅነቱ አክስቱን ለመጠየቅ ከአባቱ ጋር ሲሻገር የብሪታኒያ ወታደር ባትሪ ፊታቸው ላይ እያበራ ስማቸውን ይጠይቅ ነበር፣ ሌላው መኪናው ሥር መስታወት ያስገባል፣ አባቱ እጁን ከመሪው ላይ አያነሳም። ትንንሾቹን መንገዶች ጦሩ በፈንጂ ይቆፍራቸዋል ወይም በሲሚንቶ ብሎክ ይዘጋቸዋል። ገበሬዎቹ ተሰብስበው ጉድጓዱን ይሞላሉ። ጦሩ ተመልሶ ይቆፍራል። "ስምህን ከተናገርክ ሌላ ምንም አይጠይቁህም" አለኝ፤ ካቶሊክ ይሁን ፕሮቴስታንት ስሙ ይናገራል። ይሄን ለመረዳት ማብራሪያ አላስፈለገኝም።

የጉምሩክ ኬላ የተተከለው በ1923 ነው፣ ደሴቲቱ ለሁለት ከተከፈለች በኋላ። ለረጅም ጊዜ ሥራው ኮንትሮባንዲስት ማሳደድ ነበር። ከአየርላንድ ጋር እንዋሐድ በሚሉት ብሔርተኞች (አብዛኞቹ ካቶሊክ) እና ከብሪታኒያ ጋር እንቆይ በሚሉት ዩኒየኒስቶች (አብዛኞቹ ፕሮቴስታንት) መሀል ግጭቱ ሲነሳ ግን ኬላዎቹ ራሳቸው ዒላማ ሆኑ። በኦገስት 1972 ኒውሪ ያለው የጉምሩክ ጣቢያ ላይ በፈነዳ ቦምብ ዘጠኝ ሰው ሞቷል። በአጠቃላይ በግጭቱ ሠላሳ ዓመት ከ3,500 በላይ ሰው አልቋል፣ ያውም በሕዝብ ብዛት ከአዲስ አበባ በምታንስ ግዛት። ይሄ የቆመው ኤፕሪል 10፣ 1998 በተፈረመው ስምምነት ነው። ቀኑ የእነሱ ስቅለት ስለነበር የስቅለት ስምምነት ይባላል። (የእኛ ስቅለት በዚያ ዓመት ከሳምንት በኋላ ነበር።) ሕዝቡ ድምፅ ሲሰጥበት ሰሜኑ በ71 በመቶ፣ ደቡቡ በ94 በመቶ አጸደቀው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ድንበሩን ያጠፋው አንድ ነገር አይደለም። ወታደሩን ያነሳው ሰላሙ ነው። ጉምሩኩን ያነሳው ግን የአውሮፓ የጋራ ገበያ ነው፣ እሱም ቀደም ብሎ በጃንዋሪ 1993። ሁለቱም አገሮች የኅብረቱ አባል ስለነበሩ የሚፈተሽ ዕቃ አልነበረም። ብሬግዚት አንዱን ምሰሶ ነቀለና ጣራው እንዳለ ይቆማል አለ።

አሁን ወደ ካሜራው እንምጣ። ካሜራ ምሰሶ ላይ ነው የሚተከለው። ምሰሶውን ሌሊት መጥቶ የሚቆርጥ አይጠፋም። የተቆረጠውን የሚጠግን ሠራተኛ ይላካል። ሠራተኛውን የሚጠብቅ ፖሊስ ይላካል፣ ፖሊሱን የሚጠብቅ ወታደር። የሰሜን አየርላንድ ፖሊስ አዛዥ ራሳቸው በ2018 ድንበር ላይ የሚተከል ማንኛውም ነገር ዒላማ ይሆናል ብለው አስጠንቅቀው ነበር። ደግሞም ካሜራ ታርጋ ያነባል እንጂ ጭነቱ ውስጥ ያለው ሥጋ የተመረመረ ይሁን አይሁን አያውቅም። ኖርዌይና ስዊድን ያን ያህል ተዋደውና ቴክኖሎጂ ሞልቷቸው እንኳን መሀላቸው የጉምሩክ ኬላ አለ። ቦሪስ ጆንሰን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ ድንበሩን ለንደን ውስጥ በካምደንና በዌስትሚንስተር መሀል ካለው ወሰን ጋር አመሳስለውት ነበር። ሁለት ክፍለ ከተሞች ናቸው! መኪና ሲያልፍ ታርጋ ታይቶ ሒሳብ ይቆረጣል፣ ማንም አይቆምም፣ እዚህም እንደዚያ ይሁን ነው ነገሩ። ባልደረባዬ ይሄን በሬዲዮ ሲሰማ ሬዲዮውን ነው ያጠፋው።

የድርድሩ ችግር ግን ካሜራም ብራስልስም አልነበረም። ሦስት ቃል ተገብቶ ነበር፣ ሦስቱ ደግሞ አብረው አይኖሩም። የዚያን ጊዜዋ የብሪታኒያ ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬሳ ሜይ በጃንዋሪ 2017 ባደረጉት ንግግር ከጋራ ገበያውም ከጉምሩክ ኅብረቱም እንወጣለን አሉ። ደሴቲቱ ላይ ኬላ አይኖርም አሉ። ሰሜን አየርላንድ ከቀረው ብሪታኒያ ተለይታ አትታይም፣ ባሕሩም ላይ ድንበር አይኖርም አሉ። ከሦስቱ ሁለቱን መምረጥ ይቻላል። ሦስቱንም ግን አይሆንም፤ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። ዕቃ ከአንዱ ሕግ ወደ ሌላው ሕግ ሲገባ የሆነ ቦታ ላይ መታየት አለበት። ወይ መሬቱ ላይ፣ ወይ ወደቡ ላይ፣ ወይ ደግሞ ሕጉን አለመቀየር። ይሄን የወጥ ቤት ሠራተኛ ከገባው ለሚኒስትሮቹ ጠፍቷቸው አይመስለኝም። ወይም ደግሞ ጠፍቷቸው ይሆናል። በ2018 የሰሜን አየርላንድ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት ካረን ብራድሊ ሹመቱን ሲይዙ እዚህ ብሔርተኛው ለዩኒየኒስት ፓርቲ ድምፅ እንደማይሰጥ አያውቁም እንደነበር በራሳቸው አንደበት ተናግረዋል።

ብራስልስ አየርላንድን መሣሪያ አደረገች የሚለውም እንደዚያው ነው። አየርላንድ አባል ናት። የምትወጣው ብሪታኒያ ናት። እድር እንኳን ትቶ ከሄደው ይልቅ ለቀረው አባል ነው የሚያደላው፣ ሃያ ሰባት አገር ያለበት ኅብረት ለአባሉ ባይቆም ነበር የሚገርመው። ለንደን በርሊንና ፓሪስን ብናናግር ደብሊን ብቻዋን ትቀራለች ብላ አሰበች። የኅብረቱ ዋና ተደራዳሪ ሚሼል ባርኒዬ ግን ድንበሩን ከመጀመሪያዎቹ ሦስት አጀንዳዎች አንዱ አድርገው ያዙት፣ አልለቀቁትም።

ለንደን ደግሞ ምን እንደምትፈልግ ሳትወስን ነበር የጀመረችው። ሕዝበ ውሳኔው ጁን 23፣ 2016 ነው፤ 52 ለ48 እንውጣ አለ፣ ሰሜን አየርላንድ ግን 56 በመቶ ገደማው እንቆይ ነበር ያለው። ማርች 29፣ 2017 የመውጫው ሰዓት መቁጠር ጀመረ፣ ሁለት ዓመት ብቻ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው። ከዚያ ሜይ ጉልበት አገኛለሁ ብለው ምርጫ ጠሩ፣ የነበራቸውንም አብላጫ አጡ፣ መንግሥታቸውም በዲዩፒ አሥር ወንበር ላይ ተንጠለጠለ። ዲዩፒ የሰሜን አየርላንድ ዩኒየኒስት ፓርቲ ነው፣ ብሬግዚትን የደገፈ። ለድጋፉ ለሰሜን አየርላንድ አንድ ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ተጨማሪ በጀት ተሰጠ።

ዲሴምበር 4፣ 2017 የሆነውን አልረሳውም፣ ዕረፍቴ ነበርና ቀኑን ሙሉ ቲቪ ፊት ነበርኩ። ሜይ ብራስልስ ውስጥ ከአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዚዳንት ዣን ክሎድ ዩንከር ጋር ምሳ ላይ ናቸው። ጽሑፉ አልቋል፣ ጋዜጠኛው ተደርድሯል። በመሀል ከዲዩፒዋ መሪ አርሊን ፎስተር ጋር በስልክ ተነጋገሩ። በቃ፣ ስምምነቱ ቀረ። አራት ቀን ቆይቶ ሌላ ጽሑፍ ወጣ። አንዱ አንቀጽ፣ ሌላ መፍትሔ ካልተገኘ ብሪታኒያ ለደሴቲቱ አስፈላጊ የሆኑትን የአውሮፓ ሕጎች ትጠብቃለች ይላል፤ ቀጣዩ አንቀጽ ደግሞ በሰሜን አየርላንድና በቀረው ብሪታኒያ መሀል አዲስ እንቅፋት አይኖርም ይላል። ሁሉም የወደደውን አንቀጽ አንብቦ አጨበጨበ።

ባክስቶፕ የሚባለው ከዚህ ነው የመጣው። እንደ ዋስ ቁጠሩት። የተሻለ ስምምነት እስኪገኝ ድረስ፣ በኖቬምበር 2018 በተስማሙበት መልኩ፣ መላው ብሪታኒያ ከአውሮፓ ጋር በአንድ የጉምሩክ ክልል ይቆያል፣ ሰሜን አየርላንድ ደግሞ ተጨማሪ የገበያ ሕጎችን ትጠብቃለች። ፓርላማው በጃንዋሪ 2019 በ432 ለ202 ጣለው። በዘመናዊው ታሪካቸው መንግሥት እንዲህ ተሸንፎ አያውቅም። በማርች ሁለት ጊዜ ተመልሶ ቀረበ፣ በ149 እና በ58 ድምፅ ልዩነት ሁለቱንም ጊዜ ወደቀ። ሜይ እንባ እየተናነቃቸው ለቀቁ።

ዲዩፒ ሦስቱንም ጊዜ ተቃውሞ ነው ድምፅ የሰጠው። ጽሑፋችሁ ይሄን በአንድ መስመር ነው ያለፈው፣ እኔ ግን የነገሩ ሁሉ አስኳል ይሄ ይመስለኛል። የሜይ ስምምነት ለዲዩፒ ሊያገኝ ከሚችለው ሁሉ የተሻለው ነበር፤ ጉምሩኩን በተመለከተ ቤልፋስትንና ለንደንን አንድ ላይ ያቆይ ነበር። እነሱ ግን በኖቬምበር 2018 ጉባኤያቸው ላይ ቤልፋስት ድረስ የመጣላቸውን ቦሪስ ጆንሰንን አመኑ። ጆንሰን እዚያ መድረክ ላይ ቆመው ማንም ወግ አጥባቂ መንግሥት ባሕሩ ላይ የጉምሩክ ድንበር አይፈርምም አሉ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበላቸው። አንድ ዓመት ሳይሞላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ኦክቶበር 10፣ 2019 ከአየርላንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሊዮ ቫራድካር ጋር ሊቨርፑል ማዶ ባለ አንድ ትልቅ ግቢ ውስጥ ተገናኙ፣ ሲወጡ ፊታቸው ፈክቶ ነበር። በሳምንቱ ስምምነት ላይ ተደረሰ። ድንበሩ ባሕሩ ላይ ተሰመረ። ለዲዩፒ ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው።

እኔ በግሌ ድንበሩ ባሕሩ ላይ መሆኑን አልቃወምም። ወደብ ላይ ወረቀት ማየት ገጠር መንገድ ላይ ኬላ ከመትከል ይሻላል፤ ወደብ ላይ ሰው አድፍጦ አይተኩስም። የሚያናድደኝ ውሸቱ ነው። ጆንሰን በኖቬምበር 2019 ለሰሜን አየርላንድ ነጋዴዎች ቅጽ ሙሉ የሚላችሁ ካለ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣሉት ብለው ነበር።

ቅጹ ግን መጣ። እኔ ዘንድ የመጣው በጤፍ ነው። ለዓመታት ጤፍና በርበሬ የማዝዘው ለንደን ካለች አንዲት እህታችን ሱቅ ነበር፣ ካርቶኑ በሦስት ቀን ይደርሰኛል። 2021 ሲገባ ዝም አለ። ደወልኩላት። "ወንድሜ፣ ወደ ሰሜን አየርላንድ መላክ ትቻለሁ፣ ወረቀቱን አልቻልኩትም" አለችኝ። አገር ውስጥ እኮ ነው፣ አልኳት። "እኔም እንደዚያ ነበር የማውቀው" አለች። ያን ሰሞን ብዙ ሱቅ እንደሷ አደረገ። ከዚያ በኋላ እንጀራዬ ከደብሊን በሚመጣ ጤፍ ሆነ፣ እሱ ያለ ምንም ቅጽ ያልፋል። ሚዛኑ በየትኛው በኩል እንደከበደ ከምጣዴ ላይ ነው የተረዳሁት።

ብራስልስንም ንጹሕ ነች አልልም። ጃንዋሪ 29፣ 2021 በኮቪድ ክትባት ጭቅጭቅ ተነሳስታ የስምምነቱን ክፍል ለጊዜው ለማገድ ለአደጋ ጊዜ የተቀመጠውን አንቀጽ 16ን ልትመዝ ነበር። ድንበሩ አይነካም ብላ ዓመታት የተከራከረችበትን ነገር በአንድ ምሽት! ደብሊንን እንኳን አላማከረችም። በሰዓታት ውስጥ መለሰችው፣ ግን ዩኒየኒስት ጎረቤቶቼ እስካሁን ያነሱታል፣ እውነታቸውን ነው። ለእነሱ የሾርባ ቆርቆሮ ከስኮትላንድ ሲመጣ ወረቀት መጠየቁ የንግድ ጉዳይ አይደለም። የዚህች አገር ሰው ነህ ወይስ አይደለህም የሚል ጥያቄ ነው። ይሄ ስሜት ብሔርተኛው ኬላ ሲያይ ከሚሰማው የተለየ አይደለም፣ የተገላቢጦሹ ነው እንጂ።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። ዲዩፒ የባሕሩን ድንበር ተቃውሞ በፌብሩዋሪ 2022 ስቶርሞንት ከሚባለው የሰሜን አየርላንድ መንግሥት ወጣ፣ ሁለት ዓመት ያለ መንግሥት ቆየን፣ ሐኪም ቤት ወረፋውም የበጀት ውሳኔውም እንደተንጠለጠለ። የወቅቱ የብሪታኒያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክና የአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዚዳንት ኡርዙላ ፎን ዴር ላየን በ2023 ዊንዘር ላይ ነገሩን አቃለሉት፤ እዚሁ ለሚቀር ዕቃ አረንጓዴ መስመር፣ ወደ ደቡብ ሊያልፍ ለሚችለው ቀይ። አሁን ሱቅ ስትገቡ ከብሪታኒያ የመጣው ሥጋና ወተት ላይ "ለአውሮፓ ኅብረት አይደለም" የሚል ተለጥፎበታል። ፌብሩዋሪ 3፣ 2024 መንግሥቱ ሲመለስ የሺን ፌኗ ሚሼል ኦኒል ቀዳማዊ ሚኒስትር ሆኑ፣ ወንበሩን ከብሔርተኛው ወገን ሰው ሲይዘው የመጀመሪያው ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ምክር ቤቱ የባሕሩ ሥርዓት ይቀጥል ብሎ በ48 ለ36 አጸደቀ። አንድም ዩኒየኒስት አልደገፈውም።

አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። ሐተታው መጨረሻ ላይ "ዛሬም ድንበሩ ለማንም ክፍት ነው" ይላል። ለማንም አይደለም። ያለ ፈቃድ የመሻገር መብቱ በዋነኛነት የብሪታኒያና የአየርላንድ ዜጎች ነው።

ብሬግዚት ገና ወሬ ሳለ፣ እኔም የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዤ ሳለ፣ የአንድ ወዳጄ ልጅ ክርስትና ደብሊን ውስጥ ነበር። ሌሊቱን ድፎ ዳቦ ጋግሬ በፎይል ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አድርጌ ተሳፈርኩ፣ ገና ይሞቅ ነበር። ቤልፋስት የመኖሪያ ፈቃድ ስላለኝ ሌላ የሚያስፈልገኝ አልመሰለኝም፣ ድንበር የለም ተብሏላ። ቢጫውን መስመር ካለፍን በኋላ አውቶቡሱ ጥግ ያዘ። አንድ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ገብቶ በመተላለፊያው መጣ። ፊት ለፊቴ ያሉትን አሮጊቶች አየት አድርጎ አለፈ። እኔ ጋ ቆመ። ቪዛ አለህ ወይ አለኝ። የቤልፋስቱን ፈቃድ አሳየሁት። ይሄ እዚህ አይሠራም አለ። አወረደኝ፣ ዳቦውን ምንድን ነው ብሎ ከፍቶ አየው፣ ከዚያ በመመለሻው አውቶቡስ ሸኘኝ። ማታ ወጥ ቤት ወስጄው ከዚያ ባልደረባዬ ጋር ቆረስነው። "ስምህን ጠየቀህ?" አለኝ። አልጠየቀኝም አልኩት።

አሁን የብሪታኒያ ፓስፖርት አለኝ። ባለፈው ወር ለጤፍ ስሄድ እንደዚያው አንዱ ገባ፣ እኔ ጋ ቆመ፣ ገለጥ አድርጎ መለሰልኝ። ከኋላዬ የነበረው ልጅ ግን፣ ኤርትራዊ ይመስለኛል፣ ስልኩን እየነካካ ትንሽ ከተነጋገረ በኋላ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወረደ። ሾፌሩ በሩን ዘጋና ተነሳን።

አንባቢያችሁ ነኝ፣
ከቤልፋስት